ሰው ሳይሞት የተላጨ ጸጉር

ባለፈው ሚዛን ከተማ ላይ ተመራቂ ልጆችን ሰብስበው፣ ሥራን ገና ከጅምሩ እንዴት አስቦ መያዝ እንደሚቻል ምክር ስጪልን ብለው ጠሩኝ። ጡረታ የወጣ ሰው ምክር አያልቅበትም ይመስላቸዋል። ሄድኩ። «ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፤ የምትፈልጉትን ሥራ በሩን አንኳኩ፤ ሳይጠሯችሁ ተዘጋጁ» አልኳቸው። አጨበጨቡልኝ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «እርስዎ ሲጀምሩ ምን አደረጉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ጠንክሬ ሠራሁ» ብዬ ገላገልኳት። ውሸት አይደለም። ግን እሱን ስል ፊቴ እስከ ጆሮዬ ነደደ። በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ የማፍር አይመስለኝም ነበር።

ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልናገር።

ዘመኑ የደርግ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነጥብ አልመጣልኝም። እናቴን ጌጫ ትቼ ቁልቁል ወደ ቴፒ ወረድኩና በመንግሥት ቡና እርሻ ውስጥ ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ለቃሚ ስል ከዛፍ የሚለቅም እንዳይመስላችሁ። እኛ መጋዘን ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን፣ ከደረቀው ቡና ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ተባይ የበሳውን ፍሬ በጣታችን እየለየን የምናወጣ ሴቶች ነን። ወገብ ይቆረጣል፣ ዓይን ይፈዛል፣ አፍ ግን አያርፍም። ቤንችኛው፣ ሸኮኛው፣ ካፊኛው፣ ከምባትኛው ሲደበላለቅ ይውልና ሐሜት የመጣ እንደሆነ ሁሉም ወደ አማርኛ ይዞራል። ማንም እንዲያመልጠው አይፈልግማ!

ከመጋዘኑ ማዶ ነጭ የተቀባ ክፍል ነበር፤ የቅምሻ ክፍል። ከየጭነቱ ናሙና ይወሰድና እዚያ ይቆላል፣ ይፈጫል፣ በስኒ ይደረደራል። ቀማሹ በማንኪያ ጨልፎ ፉት ይላል። ፉት ስል እንደ እንግዳ ቀስ ብሎ አይደለም፤ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ስቦ ነው። አፉ ውስጥ ያዞረውና ይተፋዋል። ከዚያ «ይሄ እርጥብ መሬት ላይ ተሰጥቷል»፣ «ይሄ ከቆዳ ጋር ተጭኗል» ይላል። መጀመሪያ በመስኮት ሳይ ቀናሁ፤ ቅናት ነው ሌላ ስም የለውም። እኔ ቀኑን ሙሉ ፍሬ በፍሬ የማበጥረውን እሱ በአንድ ማንኪያ ይፈርደዋል። እዚያ ቤት ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ አልኩ።

ዋናው ቀማሽ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። አያጨስም፣ ሽቶ አይቀባም፣ ነጭ ሽንኩርት ደጁን አያልፍም። ስብሰባ ላይ «ጓድ» እንለዋለን፤ ከስብሰባ ውጭ «ጋሼ» ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ ስኒ የሚያጥብልዎት ሰው ይፈልጋሉ?»

«አጣቢ አለኝ።»

«እኔ በነጻ ነው የማጥበው።»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ለምን?»

«ቀማሽ መሆን እፈልጋለሁ።»

ሳቀ። ግን የሚያሾፍ ሳቅ አልነበረም። «ስኒዬን ሳሙና እንዳይነካው፤ በፍል ውሃ ብቻ» አለኝ። ገባሁ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ምሳ ሰዓት የሚባል ነገር አላውቅም። ስኒ ሳጥብ የተረፈውን እቀምሳለሁ፤ እሱ ያለውን በልቤ ይዤ ከምላሴ ጋር አስተያያለሁ። በርበሬ ተውኩ። ነጭ ሽንኩርት ተውኩ። ሚጥሚጣማ ስሟንም አልጠራ። ቤት ስገባ ዓይኔን ጨፍኜ አፈር አሸታለሁ፣ የበሰበሰ ቅጠል አሸታለሁ፣ ሻጋታ ጆንያ አሸታለሁ። የመጋዘኑ ሴቶች ለይተው ያዙኝ። «አንቺ፣ ውሻ ሆንሽ እንዴ?» ትለኛለች አንዷ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ደግሞ በተለይ «እዩኝ እዩኝ ያለች፣ ደብቁኝ ደብቁኝ ትላለች» የሚለውን ተረት እኔን ባየች ቁጥር ትተርትብኛለች። «ቀናሽ አይደል?» እላታለሁ። ትስቃለች። እቺ ሴትዮ አንድ ልጇ ሰሜን ጦር ሜዳ ወድቆባት መርዶዋን ሰምታ ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ስትስቅ ደስ ይለን ስለነበር መቀለጃ መሆኑን አልጠላሁትም።

የእኔም ታናሽ ወንድም እዚያው ሰሜን ነበር። በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄዶ፣ መጀመሪያ በሰው በሰው ሰላምታው ይደርሰን ነበር፤ በኋላ ጸጥ አለ። እናቴ የምታውቀው ሁሉ «ደህና ይሆናል» ሲላት «አሜን» ትላለች። ከአሜን ሌላ ስለ እሱ አትናገርም። መጋዘኑም፣ ቢሮውም፣ ቀማሹም ወንድሜ ጦር ሜዳ እንዳለ ያውቃሉ። ያኔ ማን ማን እንደሄደበት የማይታወቅ ሰው አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ወሬው መጣ። ለቅምሻ ክፍሉ አንድ ረዳት ሊወሰድ ነው። ፈተና አለ። ያለፈ ሰው ሠልጥኖ ቋሚ ቀማሽ ይሆናል፤ የወደቀ ወደነበረበት ይመለሳል። የነበርኩበት ደግሞ ጠረጴዛው ነው፤ ወገብ እስኪጎብጥ ድረስ ጠረጴዛው። ከቢሮ ሁለት ወንዶች ተመዘገቡ። ሦስተኛዋ እኔ። ለእናቴ በጌጫ መኪና መልእክት ላክሁባት፤ «ጸልዪልኝ» ብዬ።

ችግሩ የመጣው ከደግ ሰው ነው። አከራዬ ከከፋ አገር የመጡ ሴት ነበሩ፤ ባል የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ እኔን እንደ ልጅ የያዙኝ። እትዬ እላቸዋለሁ። ወጥ ገፍቼ ደረቅ እንጀራ ስበላ፣ ቆጮ በባዶው ስቆረጥም እያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። በፈተናው ዋዜማ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ይፈልጠኛ! ባዶ ሆዴን ቡና ስጠጣ ነው የሰነበትኩት። እቤት ገብቼ ግድግዳውን ተደግፌ ዓይኔን እንደጨፈንኩ፣ አናቴ ላይ የሆነ ነገር ሲፈስ ተሰማኝ። ብድግ ስል እትዬ በሁለት እጃቸው ጸጉሬ ውስጥ ገብተዋል። ቅቤ! ያውም በኮሰረት ያደረ፣ የከረመ ለጋ ያልሆነ ቅቤ!

«እትዬ! ምን አደረጉኝ?»

«አናትሽ ነዷል ልጄ። ትምህርት እኮ ጭንቅላት ያቃጥላል። ቅቤ ካላበረደው ማን ያበርደዋል?»

ምን ይባላል? ቢቆጡትም ደግነት ነው። ሌሊቱን ሙሉ የገዛ ራሴን እያሸተትኩ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ በልብስ ሳሙና አሸሁት። ጭራሽ ቅቤና ሳሙና አብረው መሽተት ጀመሩ።

ጠዋት የቅምሻ ክፍሉ ውስጥ ሦስታችንም ማንኪያ ይዘን ቆምን። ቀማሹ የመጀመሪያውን ስኒ ወደ አፍንጫው አቀረበ፣ መለሰ። ሁለተኛውን አቀረበ፣ መለሰ። ቀና አለና «ቅቤ የተቀባ ማነው?» አለ። ወንዶቹ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አንደኛው አፍንጫውን በእጁ ያዘ። አፍንጫውን! እነሱ ጸጉራቸው ከጣት ቁመት የማይበልጥ ወንዶች ናቸው፤ ከኔ ሌላ ማን ሊሆን? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ለወራት አፌን ከሽንኩርት ጠብቄ በአናቴ ተዋረድኩ።

ቀማሹ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ዛሬ ማንም አይቀምስም፤ ቤቱ ሽታ ይዟል» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ነገ ጠዋት ይደገማል። ነገም እንዲህ ከመጣሽ ሁለቱን ብቻ እፈትናለሁ» አለኝ።

ሮጬ ወደ ወንዝ ወረድኩ። በእንዶድ አጠብኩት። በሎሚ አሸሁት። በአመድ ፈተግኩት። ፀሐይ ላይ አድርቄ ሳሸተው ያው ነው፤ ቅቤው ከሥሩ ገብቷል። ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እቤት ሄድኩና መቀስና ምላጭ አወጣሁ።

እትዬ ሲያዩኝ የያዙትን እቃ ጣሉ። «በስመ አብ! ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልላጨው ነው።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ሽታው እንዲለቅ ነው።»

«አንቺ ልጅ! ወንድሟ ጦር ሜዳ ያለ ሴት፣ ሰው ሳይሞት ጸጉሯን አትላጭም! ሟርት ነው! ልጁን በቁሙ ልትቀብሪው ነው?»

የመለስኩላቸውን መልስ ዛሬም ሳስታውሰው ምላሴን ልነክስ ይቃጣኛል። በየስብሰባው የሰማሁትን ቃል አነሣሁና «እትዬ፣ ይሄ ኋላ ቀር አስተሳሰብ ነው» አልኳቸው። ወጥተው ውጭ ተቀመጡ። እኔ ባልዲ ውሃ ላይ እያየሁ ሹሩባዬን ቆራረጥኩ፣ ከዚያ ላጨሁት። አንድ ሁለት ቦታ ደማሁ። ስጨርስ አናቴን አሸተትኩት እንዳልል አይሸተትም፤ አናቴን ዳብሼ እጄን አሸተትኩ። ምንም አይሸትም። ደስ አለኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ!

በማግስቱ ጠዋት ሻሽ አስሬ ሄድኩ። ከበሩ ስደርስ ሻሹን አሸተትኩት፤ ጭስ ጭስ ይላል። አውልቄ ከውጭ በችንካር ላይ ሰቀልኩትና ገባሁ።

ቀማሹ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሣ። ወንዶቹ ያነሡትን ማንኪያ አስቀመጡ። ትናንት አፍንጫውን የያዘው ልጅ አንገቱን ደፋ። «ወንድምሽ ነው?» አለኝ ቀማሹ በጣም ቀስ ብሎ። አፌን ከፈትኩ። «አይ ጋሼ፣ እኔ እኮ...» ስል እጁን አነሣ። «አትናገሪ። ስለ ትናንቱ ይቅርታ። በርትተሽ መጥተሻል፤ ቅመሺ።» እዚያ ክፍል ውስጥ ስኒ ከተቀዳ በኋላ ማንኪያ እስኪቀመጥ ድረስ ከቡናው ውጭ ሌላ ነገር መናገር ክልክል ነው። ድምፅ አፍንጫ ያዘናጋል ይላል። ስኒው ደግሞ ተቀድቷል፤ እንፋሎቱ ይወጣል። ስጨርስ እነግረዋለሁ አልኩ። አንዴ ስኒው ላይ ካጎነበስኩ በኋላ ደግሞ፣ ልዋሽ አልችልም፣ ወንድሜንም ጸጉሬንም ረሳሁ። ምላሴ እንደዚያን ቀን ጠርቶልኝ አያውቅም። አፈሩን አፈር አልኩ፤ ሻጋታውን ሻጋታ አልኩ፤ አንዱን ስኒ «ይሄ ንጹሕ ነው፣ ከደጋ የመጣ ነው» ብዬ በጣቴ ለየሁት።

እኔ ስቀምስ ወሬው በመስኮት ወጥቷል። የስኒ አጣቢዋ አይታኝ ሄዳ ለመጋዘኑ ነግራለች። ሴቶቹ ጠረጴዛውን ጥለው ወጡ። መጀመሪያ ጩኸቱን ስሰማ ሌላ ሰው የሞተ መሰለኝ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ከበሩ ስወጣ፣ ግቢው በሴት ተሞልቷል። ነጠላቸውን አገልድመው ደረታቸውን ይደቃሉ። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ከሁሉም ፊት ናት፤ የሰው ለቅሶ ታዳምቃለች እንዳይባል፣ የራሷን ልጅ ስም እየጠራች ነው የምታለቅሰው። እኔን ስታይ ተንደርድራ መጥታ አቀፈችኝ። «አይዞሽ፣ እኔም እህት ነኝ፣ እኔም እናት ነኝ» እያለች እንባዋ በተላጨው ጭንቅላቴ ላይ ይወርዳል።

ልናገር ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ በትከሻዋ ላይ አሻግሬ የግቢውን በር አየሁ። እናቴ ቆማለች።

የገበያ ቀን ነበር። የፈተናዬን ወሬ ልትሰማ፣ በጌጫ የጭነት መኪና ተሳፍራ፣ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ይዛልኝ መጥታለች። ጩኸቱን ሰማች። ሴቶቹን አየች። ከዚያ የእኔን አናት አየች። ሌላ ምንም መጠየቅ አላስፈለጋትም። የያዘችው ነገር ከእጇ ወደቀ። «ልጄን!» አለች። አንዴ ነው ያለችው። ከዚያ በጉልበቷ መሬት ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በጥፍሯ ያዘችው።

«እማዬ! ማንም አልሞተም!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ሴቶቹ ለቅሶ አደረጉት፤ ባሰባቸው። ሴትዮዋን ገፍትሬ ሮጥኩና እናቴን እጇን ያዝኳት። «ማንም አልሞተም! እሱ ደህና ነው! ወሬ የመጣ የለም! እኔ ነኝ የላጨሁት፤ ለፈተናው ነው!»

ሴቶቹ ደረታቸውን መድቃት አቆሙ። እናቴ ጉንጯ ላይ ደም አለ። ገና ያልገባት ሰው ሆና ታየኛለች።

«ለምኑ?» አለች።

«ለፈተናው። ለሥራው። ቅቤ ሸተተ ብለውኝ...»

«ለሥራ?»

«አዎ እማዬ።»

«ለሥራ ብለሽ ልጄን ቀበርሽው?»

ሴቶቹ አንድ በአንድ ነጠላቸውን እየፈቱ ወደ መጋዘኑ ተመለሱ። የሰደበኝ የለም። ከአጠገቤ የምትቀመጠው ሴትዮ ብቻ ቀርታ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ጠረገችና «እኔስ የራሴን ነው ያለቀስኩት፤ አንቺ ምን አደረግሽኝ» ብላ ሄደች። ያንን ተረት ከዚያ በኋላ ተርታብኝ አታውቅም። ብትተርትብኝ እንዴት በወደድኩ! ሰው የሚያሾፍብሽ ሲያከብርሽ ነው።

ቀማሹ ደረጃው ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል። ወደ እኔ መጣና፣ አላየኝም፣ መሬት መሬቱን እያየ «ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ» ብሎ ተመለሰ። በምላሴ ይሁን በጸጉሬ ያገኘሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ለብዙ ዓመት አብሬው ሠራሁ፤ አንድም ቀን ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ሳይነግረኝ ጡረታ ወጣ።

እናቴን ማታ እትዬ ቤት ወስጄ አሳደርኳት። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው እኔ እንዳልሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር። ጠዋት ስትሄድ እጇን ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈች፤ ልትመርቀኝ መሰለኝ። ግን ዝም ብላ ዳበሰችውና «ይበቅላል» ብላ መኪናው ላይ ወጣች። ቀማሽ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ከደመወዜ የላኩላትን ትቀበላለች፤ ትመርቀኛለችም። ሥራሽ እንዴት ነው ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም። የጎረቤት ልጅ ምን እንደሚሠራ ትጠይቃለች፤ እኔን አትጠይቅም።

ደርግ ወደቀ። ወታደሩ ተበትኖ በየመንገዱ፣ ጫማ የሌለው በባዶ እግሩ፣ ወደየአገሩ መመለስ ጀመረ። ከጌጫ ልጆችም የተመለሱ አሉ። እናቴ መንገድ ዳር ወጥታ ትውላለች። የሚያልፈውን ሁሉ ትጠይቃለች። አየሁት የሚል ጠፋ፤ ሞተ የሚልም ጠፋ። ክረምቱ አለፈ፣ በጋው አለፈ፣ እሱ አልመጣም።

በመጨረሻ የአካባቢው ሽማግሌዎችና ሴቶች ተሰብስበው እቤቷ መጡ። እኔም ከቴፒ ተጠርቼ ሄጄ ነበር። «እንግዲህ ቁርጡን እንወቅ። ሳይለቀስለት አይቅር፤ ተቀመጪና እናስተዛዝንሽ» አሏት።

እናቴ እህል እየለቀመች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ተለቅሶለታል» አለች።

ተያዩ። አንደኛዋ ሴት «መቼ? እኛ ሳንሰማ?» አለች።

«ቴፒ። ብዙ ሰው ነበር። በደንብ ነው የተለቀሰለት።»

«ማን ተላጨለት?»

«እህቱ» አለች እናቴ፣ እንደ ዋዛ፣ በእጇ ወደ እኔ እያመለከተች።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በዚያው ሰሞን የተሠራሁት ሹሩባ ትከሻዬ ላይ ነበር። ነጠላዬን ስቤ ሸፈንኩት።